ከኋላ ያለው

የማታ ፈረቃ፣ አፉላ፣ ሱፐር ውስጥ፣
ሥራዬ ወተት ነው፤ መደርደር፣ ማስቀመጥ።
ሕጉ አንድ መስመር ነው፦ አሮጌው ወደ ፊት፣
አዲሱ ከኋላ፣ ብርዱ ከጠናበት።
አለቃዬ ቪታሊ ሲያስተምረኝ እንዳለው፦
«የገዢ እጅ ሰነፍ ነው፤ የቀረበውን ነው የሚያነሣው።»

ቪታሊ አዝመራን መች አወቃትና!
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ትመጣለችና፣
የሹራቧን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰብስባ፣
እጇ እስከ ብብቷ ማቀዝቀዣው ገባ፤
ላም እንደሚያዋልድ ሰው፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣
ከወደ ጥግ፣ ከሥር፣ የመጨረሻውን ፍለጋ።

ከረጢቱ ሲወጣ በጤዛ ረጥቦ፣
ወደ መብራት ዞሮ፣ ወደ ዓይኗ ቀርቦ፣
ፊደሉን አታነብ፤ ቁጥሩን ግን ጠንቅቃ፣
«አሥራ ሰባት፣ በስድስት» ትላለች አድምቃ፣
ዳኛ ፍርድ እንደሚሰጥ።
ከዚያ ቀስ ብላ ጋሪው ላይ ስታስቀምጥ፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቆምሁት ግንብ ነበር፤
ተንዶ አየዋለሁ። አልቆጣም። እንደገና ልደርድር።

አንዴ ለአረጋውያን ቅናሽ አለ ተብሎ፣
መታወቂያዋ ወጣ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ።
ቆሜ አየሁት፤ ስሟን «ኦራ» ይለዋል፤
ቀኑ ዜሮ ዜሮ፣ ወሩም ዜሮ ሆኗል፤
ዓመቱ በግምት።
በእጇ ደግሞ ያ ወተት፣
መሞቻው እስከ ሰዓቱ ላስቲኩ ላይ ተጽፎ፣
የእሷ መወለጃ በባዶ ቁጥር ታልፎ።
ዓይኔን አየችና፣ «ጸሐፊው ቸኩሎ
‹መቼ ተወለድሽ?› አለኝ ብዕሩን ስሎ፤
ገብስ ሲታጨድ፣ ዝናቡ ሲያባራ አልሁት፤
ገብስን የት ያውቅና! ዜሮ አለው፤ ተውሁት።»

ቤቴም እንዲሁ ነው። ልጄ ኤላድ ሳህኑን ይዞ
ከማፍሰሱ በፊት ቀን ያነባል ፈዝዞ፤
«አባ፣ ነገ ነው!» ይላል፣ እንደ ፈንጂ አርቆ፤
አሽትተው ብለው አየኝ ተሳቅቆ።
ማሽተት የሚሉትን ማን አስተማረው?
እኔም ብሆን እኮ ቁጥር ነው የቀረው
ከአፍንጫዬ ላይ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ክንዷን አልሰበሰበች፤
ቀጥ ብላ መጥታ ከጋሪዬ ቆመች።
ቀናቸው የሞላ ሃያ ከረጢት ያህል
ለቅሜ፣ ከምሬ፣ ወደ ኋላ በር ስል፣
«ወዴት ነው?» «ሊጣል ነው።» «ምን ነካው? ታመመ?»
«የለም፤ ቀኑ ነው እንጂ፤ ዛሬ ማታ ተፈጸመ።»
ሳቀች፣ ከት ብላ፣ የዳቦው ሰው እስኪዞር፤
«እኛ ዘንድ ወተት ሲሞት አላየሁም፤ ስሙን ነበር የሚቀይር።
ሲያድር እርጎ፣ ሲናጥ ቅቤ፣ የቀረው አሬራ፣
አሬራው ሲሞቅ አይብ፣ አጓቱ ለጥጃ በተራ።
እኔስ? አዝመራ ነበርሁ፤ ወረቀት ኦራ አለኝ፤
መች ሞትሁ? ይኸው አለሁ፤ መደርደሪያ ነው የቀየሩልኝ።»

«ታዲያ» አልኋት «ረድፌን ይህን ሁሉ ዘመን ስትንጂ?»
«እሱማ ሌላ ነው፤ አንተው ስማኝ እንጂ፤
የተገፋልኝን ማንሣት ስለማልወድ፣
ከኋላ ምን እንዳለ ለማየት ነው የምሄድ።»

ሁለት ከረጢት ሰጠኋት። ቪታሊ ስልክ ላይ ነበር።

ዛሬ ደግሞ መጣች፣ ብልቃጥ በፌስታል፤
«ማንኪያ ሙሉ ጨምርበት፤ የፋብሪካ ወተት እሳት በልቶታል፤
ብቻውን ይመርራል፤ ዘመድ ይፈልጋል።»
ሄደች።
ልማድ ነውና ብልቃጡን ገለበጥሁ፣
ቀኑን ፈለግሁ።
«የኮመጠጠ ኪያር» ይላል ወረቀቱ፣
ግማሹ ተልጦ፤ ካለፈ ሦስት ዓመቱ።
ክዳኑን ብከፍተው ነጩ ይተነፍሳል፤
አንዲት አረፋ ወጣች፤ ፈነዳች፤ ሌላዋም ትከተላል።
ማቀዝቀዣው ዘንድ ሄድሁ፤ ከነገ ወተት ጀርባ፣
ከጥጉ ሸሸግሁት፣
ከአንድ ክንድ በቀር ሌላ እጅ እንዳይገባ።